በራችሁን ዝጉ

ሠራተኞቿ በሌለችበት «ዘበኛዋ» ይሏታል። ሁሉም የሚሠሩት ከየቤታቸው ነው፤ እሷም የምትመራቸው ከመኝታ ክፍሏ ሆና በኮምፒውተር ነው። የጠዋቱ ስብሰባ የሚጀመረው ታዲያ ከየሰዉ ጀርባ ያለው በር መዘጋቱን በዓይኗ ካየች በኋላ ብቻ ነው። በር ከተከፈተ ልጅ ይገባል፣ ወሬ ይገባል፣ ሥራ ይበላሻል ባይ ናት።

ዛሬም አፏን የከፈተችው በዚያው ነው። «አንተ፣ በርህን!»

ሂሳብ ሠራተኛው እየተነጫነጨ ተነስቶ ዘጋ።

«እትዬ፣» አለች ጸሐፊዋ ሳቋን አፍና፣ «የእርስዎስ?»

ዘበኛዋ ስክሪኑ ላይ ራሷን አየች። ከጀርባዋ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዞር አለች፤ ተዘግቷል። መልሳ ስክሪኑን አየች፤ ተከፍቷል።

«ይሄ ኔትወርክ መቼም!» አለች። የምትኖረው ግን ብቻዋን ነው። ተነስታ ሄደች፣ ቁልፉን አዞረች፣ እጀታውን ይዛ ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። ተመልሳ ስትቀመጥ ስክሪኑ ላይም በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። እፎይ አለች።

«አሁንስ? ተዘጋ አይደል?»

ማንም አልሳቀም። ሂሳብ ሠራተኛው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ተዘግቷል፣ እትዬ፣» አለች ጸሐፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን የዘጉት አንድ ሰውዬ በአጠገብዎ አልፎ ከገባ በኋላ ነው።»