የቀረው ከፍታ

በነፃነት ቀን፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ የቤዝቦል ሜዳ ላይ፣ የምክር ቤት እንደራሴው ንግግሩን ጨርሶ መዝሙሩን ለምትዘምረው ለዴሎሬስ ማይክሮፎኑን ሲያቀብላት የእሱ ላብ መዳፏን አራሰው። «ይህች አገር አካላቸውን የሰጡላት የጀግኖች አገር ናት» ብሎ አስጨብጭቦ ከመድረኩ መውረዱ ነበር። አምና የከተማዋ የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ እንዲዘጋ ድምፅ የሰጠውም እሱ ነው። የቀድሞ ወታደር የሆነው ባሏ ዌንደል ፊት ለፊቷ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሠራሽ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ክሊኒኩ ተዘግቶ የሚጠግንለት አጥቶ፣ ባዶውን የሱሪ እግር ጉልበቱ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ አስይዞታል። ሕዝቡ ለብሔራዊ መዝሙሩ ሲነሳ እሱ ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ባለበት ቀረ።

«ተነስ እንጂ ሰውዬ፣ ክሬን እናስመጣልህ?» አለው ከኋላው የቆመ ወፍራም ሰው።

«ክሬኑ እስኪመጣ አንድ እግርህን አውሰኝ» አለ ዌንደል ሳይዞር።

ዴሎሬስ መዝሙሩን ጀመረች። በየዓመቱ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው መጨረሻው አካባቢ ከፍ አድርጋ የምትለቀውን ድምፅ ነው። ዘንድሮ አትሰጣቸውም። ዝም ብላ ታስደነግጣቸዋለች፤ ምን ሆነሽ ብለው ሲጠይቋት የክሊኒኩን ነገር በዚያው ማይክሮፎን ትነግራቸዋለች። ከፍታው ጋ ስትደርስ አፏን ገጥማ ማይክሮፎኑን ወደ ጭኗ አወረደች።

ሕዝቡ ድምፅዋ መቅረቱን ሳያስተውል፣ እንደ ልማዱ በዚያችው ቅጽበት ሜዳውን በፉጨትና በጭብጨባ ቀወጠው። ወፍራሙ ሰውዬ እንባውን ጠረገ። ዌንደል ብቻ እጁን ከደረቱ አውርዶ አያት። እንደራሴው ወደ መድረኩ ተመልሶ ካሜራ ፊት ትከሻዋን አቅፎ ማይክሮፎኑን ከእጇ ወሰደና፣ «ዘንድሮስ ከአምናውም በለጥሽ» አላት።