ሦስተኛው አንቲቫይረስ

መምህሩ ከቦኬ ገበያ በሃያ ዓመት የለቀሟቸው ዘፈኖች ያሉበትን ብቸኛ ፍላሽ ጨብጠው ከኮምፒዩተሩ ፊት ቆሙ። አሳታሚው የሚጠብቃቸው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ በጡጫ አይላክም እኮ» አለች ፌኔት፣ የጭሮው ኢንተርኔት ቤት ባለቤት።

«ቫይረስ ቢበላብኝስ?»

«በዚህ ቀርፋፋ መስመር የሚሠራልን ይሄ ማንም የማያውቀው ብሮውዘር ብቻ ነው። ከሞከርኳቸው ሦስት አንቲቫይረሶች የመጀመሪያው ብሮውዘሩን ራሱን ዘጋብኝ። ሁለተኛው ቫይረሱን ከነፋይሉ አጠፋ። ሦስተኛው ግን ብሮውዘሩን አይነካም፤ ቫይረሱን ብቻ ለቅሞ ያወጣል።»

«ከነፋይሉ? የማንን ፋይል?»

ፌኔት ከመሳቢያዋ ቀይ ፍላሽ አወጣች። «የሠርጌን ፎቶ። በሰው ፍላሽ ልሞክር እንዴ?»

መምህሩ ጡጫቸውን ፈቱ። ፍላሹ በላብ ርሶ ነበር፤ ፌኔት በሻርፗ ጫፍ አድርቃ ሰካችው።