ቀይ የተቀባው ላሜራ

አንበርብር ጠንካራ ላሜራ ተጭኖ የመኪና በር በሚያወጣው ፕሬስ ላይ ሲሠራ ነው ያረጀው። መርማሪ የሚሉት መሣሪያ ላሜራውን ፕሬስ ሥር ሳይገባ ያየውና «ይሰነጠቃል» ካለ፣ ቀይ ተቀብቶ ይጣላል፤ የሚሞክረው የለም። አምና ደግሞ ሕግ ወጣና፣ ሰውም ሥራ ከመቀጠሩ በፊት እዚያው መሣሪያ ፊት መቆም ጀመረ።

ሴት ልጁ ጥላዬ «ትሰነጠቃለች» ተባለች። ከዚያ ወዲህ የሚቀጥራት ጠፋ። ቁጡዋ እናቷ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታናግራት ጀመር፤ ብርጭቆ ስታጥብ ካየቻት «ተይው የኔ ልጅ፣ እኔ አጥበዋለሁ» ብላ ከእጇ ትቀበላታለች።

አንድ ቀን አለቃው ለምሳ ሲወጣ፣ አንበርብር ከተጣሉት አንዱን ላሜራ አንስቶ ፕሬስ ሥር ከተተ። ላሜራው ጭረት እንኳ ሳይነካው ጥርት ያለ በር ሆኖ ወጣ። ከሥራ ሲወጣ ተሸክሞት ወደ ቤቱ ሄደ፤ ቀዩን ቀለም ያየው ዘበኛ ለምን እንኳ አላለውም።

«እስቲ ዳብሺው! ይሰነጠቃል የተባለው ይኸው ነው» አላት ጥላዬን።

ጥላዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው። ከዚያ ብርድ ልብስ አነጠፈችና እንደ ጨቅላ ቀስ ብላ አስተኛችው።

«አልተሰነጠቀም እኮ፣ ልጄ!»

«ገና ነው፣ አባዬ» አለችው።