ድምፃቸው የተዘጋ ተቀባዮች

የዘፈን ቡድናችን አውራጅ እትዬ የመጀመሪያውን ስንኝ አውርደው ዝም ይላሉ። ተቀባይ እየጠበቁ ነው። የሚቀበል የለም።

"ልጆቹ የት ሄዱ?" ይሉኛል፣ ፊታችን የቆመው ስልክ ለተመልካች በቀጥታ እያስተላለፈን መሆኑን ከነጭራሹ ረስተው።

"አሉ፣ እትዬ፤ ይኸው ኮምፒውተሩ ላይ። ድምፃቸውን ዘግቼው ነው።"

ወረርሽኙ የምንዘፍንበትን አዳራሽ ካዘጋ ወዲህ ተቀባዮቻችን በየቤታቸው ናቸው። ትናንት ልምምድ ላይ ኢንተርኔቱ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን አዘግይቶ ሲያመጣው ዘፈኑ የገበያ ሁካታ ሆነብን። የቡድኑ ኃላፊ ነኝና መላ መታሁ፤ ዛሬ ሁሉንም ዘጋሁ። ለእትዬ መንገሩ ግን ትዝም አላለኝ።

"እነሱ ይሰሙዎታል እኮ።"

"መስማትማ ሬዲዮም ይሰማሉ። እኔ የሚመልስልኝ ነው የምፈልገው። ለብቻዬ የማወራ እብድ አስመሰልሽኝ።" ደረታቸው ላይ የተሰካውን ማይክራፎን ሊነቅሉ እጃቸውን ይሰዳሉ።

ከልጆቹ ግማሾቹ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምረዋል፤ እስካሁን ያቆየኋቸው "በስልክም ቢሆን እንዘፍናለን" ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነው። ዛሬ እትዬ ከሄዱ ቡድኑ አለቀለት።

አፌን ከፍቼ በልጆቹ ፈንታ እቀበላለሁ።

እኔ እኮ ቢሮ የገባሁት ድምፄ ስለማይረባ ነው። ፈታኜ ራሳቸው እትዬ ነበሩ፤ "አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱ ይሻልሻል" ብለው አሰናበቱኝ። አሁንም ድምፄ መሃል ላይ ይሰነጠቃል፤ ኀፍረት ፊቴን ያቃጥለዋል።

እትዬ ቅንድባቸውን ሰቅለው ያዩኛል። ከዚያ ያለ አንዳች ርኅራኄ ከፍ አድርገው ሁለተኛውን ያወርዳሉ። እየተንጠራራሁ እቀበላለሁ። ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ሳይ ደስታው እንባ እንባ ይለኛል።

"እስቲ ይህን ነገር ወደ እኔ አዙሪው" ይላሉ በአገጫቸው ኮምፒውተሩን እያሳዩ።

አዞረዋለሁ። ለካ ስክሪኑ ላይ በየሳጥናቸው ውስጥ ሁሉም ተነስተው ቆመዋል። አንዷ ወጥ ቤት፣ አንዱ ከልብስ ማስጫው ሥር፣ ያለ ድምፅ እያጨበጨቡ ሲቀበሉ ነበር።

እትዬ ሦስተኛውን አውርደው ዝም ይላሉ። አፎቹ በየተራ ተከፍተው ይዘጋሉ። ኢንተርኔቱ ያዘገየው አንዱ ግን ገና እየዘፈነ ነው። እትዬ አይቸኩሉም፤ የእሱም አፍ እስኪዘጋ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቁና አራተኛውን ያነሳሉ።