ኅዳር 26

በአርብ ገበያ ከተማ ማተሚያ ቤት ያለው ይበልጣል ከመስከረም ጀምሮ ደሙ እንደፈላ ነው። አትሞ በሸጠው የቀን መቁጠሪያ ላይ ኅዳር 26 አርብ መሆኑ ቀርቶ ቅዳሜ ተብሏል፤ ከሐሙስ ቀጥሎ አርብ ተዘሏል። ገዢው ሁሉ ተሳለቀበት። የቀን መቁጠሪያውን ያወጣበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርተው በነፃ ለሚያድሉት ሰዎች ስህተቱን ሦስቴ ቢጽፍላቸው ሦስቴም «ስህተት የለበትም» ብለው አቤቱታውን ዘጉት። ኅዳር 25 ቀን አራተኛውን ላከ፦ «ዓይናችሁን ግንባር ያድርገው! አርብን የት አባታችሁ አደረሳችሁት? አገሩ የሚገበያየው አርብ ነው!»

በማግስቱ ጠዋት ገበያው ጭር ብሏል፤ አንድ አህያ እንኳ የለም። ባቄላ ሻጯን እትዬ አስካለን ደጃቸው ላይ አገኛቸው።

«ዛሬ ገበያ አይወጡም እንዴ?»

«በቅዳሜ ምን ገበያ አለ ብለህ?»

«ታዲያ ትናንት ወጥተው ነበር?»

«አብደሃል እንዴ አንተ!» ተቆጡ። «ትናንትማ ሐሙስ ነበር።»