ሁለተኛዋ ሚስት

ስንዱ በድሮ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ ላይ የቀድሞ ባሏን ዘሪሁንን ከአዲሷ ሚስቱ ጋር ስታየው ቅናት አንጀቷን አቃጠላት። ወንበር ይስብላታል፤ ነጠላዋን ያስተካክልላታል፤ ሰው እያየ ያጎርሳታል። ስንዱን እኮ በስድስት ዓመት አንድ ቀን አጉርሷት አያውቅም። ያስቀመጠችው ዕቃ ሌላ ቦታ ሲገኝ «አንቺው ነሽ፣ ረስተሽው ነው» ይላት ነበር። የሰደባትን ስታነሳበት ደግሞ «መቼ ወጣኝ? ጸበል ግቢ» ይላት ነበር።

ከተፋቱ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ራሷን ማመን የጀመረችው ግን ገና ዘንድሮ ነው። አሁን ሳቁን ስትሰማ ልቧ ከዳት። «ለእሷ እንዲህ ከሆነላት፣ ለካስ ጥፋቱ የኔ ኖሯል» አለች ለራሷ።

እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ሚስትየዋን ቧንቧው ጋ አገኘቻት። ልጅቷ ግራ እጇን ጨብጣ ቀኟን ብቻ ታለቀልቃለች።

«ሁለቱንም ታጠቢ እንጂ» አለቻት ስንዱ ቆጣ ብላ።

«ጽሑፉ ይለቅብኛል፣ እትዬ።»

«የምን ጽሑፍ?»

ልጅቷ ወደ ድንኳኑ ገልመጥ አለችና መዳፏን ዘረጋች። በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «በሩን ቆልፌያለሁ። ቁልፉን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።»

«ከተጋባን ወዲህ መርሳት ጀምሮኛል» አለች አንገቷን ደፍታ።

ስንዱ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። የልጅቷን እጅ ይዛ ከጽሑፉ ሥር ስልክ ቁጥሯን ጻፈችላት።

«ማን ልበል፣ እትዬ?»

«ካንቺ በፊት የምረሳው እኔ ነበርኩ።»