የእህቴ መመሪያ

እኔና እህቴ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚጠቀሙበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጀመርን ስድስት ዓመታችን ነው። ኮዱን የምጽፈው እኔ ነኝ። የአጠቃቀም መመሪያውን እጽፋለሁ ያለችው እሷ ናት፤ ይኸው እስከ ዛሬ «ነገ» እያለች ነው። ተጠቃሚው ግራ ሲገባው ስድቡን የምቀበለው ግን እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት የፕሮግራሙን ገጽ ስከፍት መመሪያው ተሟልቶ አገኘሁት። አንዲት ትእዛዝ አልተዘለለችም። ደስ ብሎኝ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ወረድኩ። ርእሱ «ሠሪውን ስለመተካት» ይላል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈበት ቀን ግን ከስድስት ዓመት በፊት ሥራውን የጀመርንበት ቀን ነው።

«አንደኛ፦ ሻይ ስጡት፤ ስኳር ሁለት።»

አሁን ያመጣችልኝ ሻይ ፊቴ አለ።

«ሁለተኛ፦ ያለ አንተ ምን ይውጠኝ ነበር በሉት።»

ሻዩን ስታስቀምጥ «ወንድምዓለም፣ ያለ አንተ ምን ይውጠኝ ነበር» ብላኛለች።

«ሦስተኛ፦ አዲሱ ሲገባ በዚያው በቀድሞው ስም ጥሩት።»

የቤታችን ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ እኔ ኪስ ውስጥ። በሩ ከውጭ በቁልፍ ተከፈተ።

አጠገቤ የቆመችው እህቴ ወደ እኔ ሳትዞር፣ በሩን እያየች «ወንድምዓለም» ብላ ተጣራች።

ወዬ ልል አፌን ስከፍት፣ ከበሩ በኩል የገዛ ድምፄ ቀድሞኝ «ወዬ» አላት።